አብዱ ቆርቆሮ ጣሪያውን ሣር ያለበሰ ጊዜ

ጋምቤላ ገበያ ገብቶ «አብዱልባሲጥ የሚባል ሰው የት ነው?» ብሎ የጠየቀ እስኪመሽ ሊንከራተት ይችላል። «አብዱ ቆርቆሮ» ካለ ግን ሦስት ሰው ተሻምቶ ያደርሰዋል። አብዱ ከወሎ፣ ከደጋን ተነሥቶ ጋምቤላ የገባው በሃያ አራት ዓመቱ፣ አንድ ሻንጣና የማያልቅ ወሬ ይዞ ነበር። ሻንጣው ከተጣለ ቆይቷል፤ ወሬው ግን እስከ ዛሬ ያገለግለዋል። በዚያው ወሬ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ሸጧል።

ለገዢ የሚላት ነገር ነበረችው። «ሣር የላም ነው» ይላል፣ ቆርቆሮውን በጥፍሩ ቀጭ ቀጭ እያደረገ፤ «ሰው የሆነ ሰው ቆርቆሮ ሥር ያድራል።» ገዢው ይስቃል፣ ይገዛል፣ ይሄዳል። በየካቲት ፀሐይ ቆርቆሮው ሥር ምን እንደሚል ተከታትሎ መጠየቅ የአብዱ ሥራ አልነበረም። እሱና ሚስቱ ፈትሂያ የሚኖሩት ከሱቁ ጀርባ በተከራዩዋት ክፍል ነበር። እሷም ቆርቆሮ ናት፤ ግን ሁለት ግዙፍ ማንጎዎች ስለተደረቡባት ጣሪያዋ ፀሐይን የሚያውቃት በወሬ ነው። አብዱ ቅዝቃዜውን የቆርቆሮው ጥራት ያመጣው ይመስለው ነበር።

ፈትሂያ በረዶ ትሸጣለች። በር የሚያክል ፍሪዘር አላት፤ ውሃ በላስቲክ እየቋጠረች በረዶ ታደርግና የባሮ ዓሣ ነጋዴዎች ጠዋት ጠዋት እየመጡ ይወስዱላታል።

ቤት የገዙት በሐምሌ፣ ዝናቡ በሚወርድበት ሰሞን ነው። ሻጩ ወደ መቱ የተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። አራት ክፍል፣ የብሎኬት ግድግዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ ጣሪያውን እንዳለ የሸፈነ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ። አብዱ በሮቹን እየከፈተና እየዘጋ፣ ግድግዳውን በጡጫ እየመታ ቤቱን ሲመረምር ፈትሂያ ዛፉ ሥር ቆማ ቆየች። በመጨረሻ «ዛፉ ጥሩ ነው» አለች። ስለ ቤቱ ምንም አለማለቷን አብዱ ልብ አላለም።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ አሮጌውን ጣሪያ አስወርዶ ከሱቁ ምርጡን ሰማያዊ ቆርቆሮ አስመታ። ቤቱ ሙሽራ መሰለ። ችግሩ ሙሽራዋን የሚያያት አለመኖሩ ነው፤ ኒሙ ተከናንቧታል። አብዱ መንገድ ላይ ወጥቶ አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ አየ፤ ቅጠል ብቻ። የቆርቆሮ ነጋዴ ቤት ቆርቆሮው ካልታየ ምኑን የቆርቆሮ ነጋዴ ቤት ሆነ ብሎ ዛፉን ሊያስቆርጥ ተነሣ። ፈትሂያ «ዛፉ ከሄደ እኔም ጥላ ወዳለበት እሄዳለሁ» አለችው። የቀለደች መስሎት ሳቀ። ዛፉ በሁለት ቀን ማገዶ ሆነ፤ ሰማያዊው ጣሪያም ከባሮ ድልድይ ማዶ ድረስ ይታይ ጀመር። አብዱ ወር ሙሉ ያለ ጉዳይ ድልድዩን ሲሻገርና ሲመለስ ከረመ።

ከዚያ ጥር መጣ። ደገኛ ጥርን የሠርግ ወር ይለዋል፤ ጋምቤላ ላይ ጥር ሰውን የሚድረው ከላቡ ጋር ነው። አብዱ ቤት እኩለ ቀን ላይ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ሻማ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ይሰጥ ነበር። ብሎኬቱ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ማታ ያገሣዋል። ፍሪዘሩ ከጠዋት እስከ ጠዋት እያጉረመረመ ቢሠራም ውሃው ቀዘቀዘ እንጂ በረዶ አልሆን አለ። ዓሣ ነጋዴዎቹ ላስቲኩን ጨመቅ ጨመቅ አድርገው፣ ውሃማ ባሮም ሞልቶልናል ብለዋት ሄዱ።

አብዱ መፍትሔ ከገበያ እንጂ ከሌላ ቦታ ይመጣል ብሎ አያምንም። መጀመሪያ ሦስት ማራገቢያ ገዛ፤ ማራገቢያዎቹ የሳሎኑን ሙቀት ለመኝታ ቤቱ፣ የመኝታ ቤቱን ለሳሎኑ ሲቀባበሉ ዋሉ። ቀጥሎ ኮርኒስ አስመታ። ኮርኒሱ ሁለት ሳምንት ያህል ለውጥ ያመጣ መሰለ፤ በሦስተኛው ሳምንት የሌሊት ወፎች ተከራዩት። ከነቤተሰባቸው፣ ከነሽታቸው ገቡ። አብዱ በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ሲደበድበው ለጊዜው ዝም ይላሉ፤ እሱ ጋደም ሲል ወሬያቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ኤሲ አስመጣ። ለሰፈሩ የመጀመሪያው ስለነበር ሲገጠም የተመልካች እጥረት አልነበረም። ሲበራ አንድ ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ አየር እፍ አለ፤ የሰፈሩ አምፖሎች ደግሞ ፍም መስለው ደከሙ። ጎረቤት፣ ኛኬር ግቢ ውስጥ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ልምምድ ላይ ነበሩ፤ ኪቦርዳቸው መዝሙሩ መሐል ላይ አቃስቶ ዝም አለ። ኛኬር በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የምትሠራ ረጋ ያለች የኑዌር ሴት ናት። በሩ ላይ መጥታ፣ ሰላምታዋን ሳታጓድል፣ «አብዱ፣ የአንተ ማሽን መዝሙራችንን በላው» አለችው። አብዱ አፍሮ አጠፋው። ከዚያ በኋላ ኤሲው የሚበራው መዘምራኑ በሌሉበት፣ ፍሪዘሩ በተነቀለበት፣ መብራትም ባለበት ሰዓት ሆነ። ሦስቱ የተገጣጠሙት አንድ ማክሰኞ ብቻ ነው።

የካቲት አጋማሽ ላይ አብዱ ከዙህር ሶላት ተመልሶ ቤት ሲገባ ሚስቱ የለችም። ፍሪዘሩም የለም። ለሚስቱ አለመኖር ብዙ ምክንያት ሊሰጥ ሞከረ፤ ለፍሪዘሩ ግን አንድም አጣ። በአጥሩ በኩል ወደ ኛኬር ግቢ አሻግሮ ቢያይ ፍሪዘሩ በረንዳ ላይ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተደላድሎ ቆሟል። ዓሣ ነጋዴዎቹ ነበሩ ተሸክመው ያሻገሩላት።

የኛኬር ግቢ ሁለት ቤት አለው። አንዱ አብዱ ራሱ የሸጠላት ቆርቆሮ የተመታበት ነው፤ ሌላው ክብ የሣር ጎጆ። ኛኬር ወደ ጎጆው አመለከተችው። አብዱ በንግዱ ተነካና፣ እንግዳ በደህናው ቤት ሳታስቀምጪ እዚህ ታስተኛለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ቆርቆሮው ለዕቃ ነው» አለችው። «ሣሩ ለሰው ነው።»

ክፋት አልነበረባትም፤ የጠየቃትን ነው የመለሰችለት።

የጎጆው በር ዝቅ ያለ ስለሆነ አብዱ ጎንበስ ብሎ ገባ። ሃያ ስድስት ዓመት ጋምቤላ ሲኖር የሣር ቤት ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ፈትሂያ አልጋ ላይ ጥቅልል ብላ ተኝታለች፤ ግንባሯ ላይ አንዲት ጠብታ ላብ የለም። አብዱ የሚቆጣበትን ንግግር በሆዱ እያሰናዳ፣ እስክትነቃ ብሎ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ንግግሩ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ አዛጋው። የነቃው የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ ነው፤ ጫማው ወልቋል፣ ጭንቅላቱ ሥር ትራስ ገብቷል፣ መዘምራኑ ደጃፉ ላይ ተደርድረዋል። እሱን ላለመቀስቀስ ቀስ ብለው ሲለማመዱ ነበር። አንዷ ለጓደኛዋ፣ የሰውዬው ማንኮራፋት ከኪቦርዱ የተሻለ ምቱን ይጠብቃል ስትል ሰማት።

ፈትሂያ ውጭ ቆማ ጠበቀችው። «ቤቱ ጥላ ሲኖረው ጥራኝ» አለችው።

በከተማው በሣር ክዳን ሥራ ስሙ የሚጠራው ኦቹዶ ነበር። አኙዋክ ነው፤ ዕድሜው ሰባን ተጠግቷል። ለሃያ ስድስት ዓመት እያንዳንዱ አብዱ የሸጠው የቤት ቆርቆሮ ለኦቹዶ አንድ ሥራ ሲያስቀርበት ኖሯል። በሱቁ ፊት በብስክሌት ሲያልፍም አብዱ ለገዢ የሚላትን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማ አላህ ይወቀው። አብዱ ቤቱ ድረስ ሄዶ ጉዳዩን ዙሪያ ጥምጥም አስኬደው፤ አንድ ወዳጁ ቤቱ ሞቆበት እንደተቸገረና ምክር እንደሚፈልግ አስረዳ። ኦቹዶ እስኪጨርስ አዳመጠው።

«ወዳጅህ ጣሪያው ሰማያዊ ነው?»

አብዱ መሬት መሬት አየ። «ነው።»

«አንተ ሣር የላም ነው ትላለህ። እኔ እሰማለሁ» አለ ኦቹዶ። «ልክ ነህ። ላም ብልህ ናት። ቆርቆሮ ሥር አትተኛም።»

ከዚያ ሥራውን ተቀበለ፤ አንድ ነገር ግን ግዴታ አደረገ። በከተማው ዙሪያ ያለውን ሣር የበጋ እሳት በልቶታል፤ ጎግ ያሉ ዘመዶቹ ግን አጭደው፣ አስረው ያስቀመጡት አለ። አብዱ አብሮት ሄዶ ራሱ እየተሸከመ ይጭናል።

ሄዱ። ሁልጊዜ ቆርቆሮ የምታመላልሰው አይሱዙ ጎግ ገብታ ቆመች፤ አብዱም በነጭ ሸሚዙ ሣር ይሸከም ጀመር፤ የሣሩ ስለት አንገቱንና ክንዱን ሸነታተረው። ሣሩን ያጨዱት ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ያዩታል። አንዷ አሮጊት በአኙዋክኛ አንድ ነገር ተናግራ ሁሉንም አሳቀቻቸው። አብዱ ምን አለች ብሎ ሲጠይቅ ኦቹዶ፣ «ይሄን ሰው ማን ገረፈው ትላለች» ብሎ ተረጎመለት።

ጋምቤላ ሲመለሱ ጭነቱን በሸራ ቢሸፍነውም በአራቱም ማዕዘን ሣር ተንዠርጎ ይታያል። ገበያው መግቢያ ላይ ጎረቤት ባለሱቁ ፈይሰል መኪናዋን አስቆመ። ይሄ ሁሉ ሣር ለማን ነው ቢለው፣ አብዱ ለላም አለው። ላም መቼ ገዛህ ቢለው፣ ልገዛ ነው አለው። በማግስቱ ጠዋት አብዱ በሩን ሲከፍት ሁለት ደላላ አምስት ላም ይዘው ቆመዋል። አንደኛዋ ላም የሱቁን ማስታወቂያ ትልሳለች። መዋሸት አላዋጣ ሲለው ለደላሎቹ እውነቱን ነገራቸው፤ እስከ ቀትር ድረስ እውነቱ ከባሮ ወዲህም ወዲያም ተዳረሰ።

ሥራው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ኦቹዶ ሣሩን ቆርቆሮው ላይ ዝም ብሎ አልጫነውም። ቀርከሃ አጋድሞ በቆርቆሮውና በሣሩ መካከል አንድ ክንድ ያህል ክፍተት ተወ፤ ነፋስም እንደ ሰው መንገድ ይፈልጋል አለ። በምዕራብ በኩል ክዳኑን ዝቅ አድርጎ አወረደውና የከሰዓት ፀሐይ ግድግዳውን እንዳትነካው አደረገ። ከግድግዳው አናት ላይ ለሙቀቱ መውጫ ቀዳዳ አስከፈተ፤ የሌሊት ወፎቹ ለምግብ በወጡበትም ኮርኒሱን አስነቅሎ ቀዳዳዎቹን በወንፊት ሽቦ ዘጋ። ማድ ቤቱንም፣ እሳትና ሣር ጎረቤት አይሆኑም ብሎ፣ ግቢው ጥግ ድረስ አስወሰደው። አብዱ በየመሐሉ ምክር ሊሰጥ ሲሞክር አንድ እስር ሣር ያሸክመዋል። ሰማያዊው ቆርቆሮ በየቀኑ ከዓይኑ እየጠፋ ሲሄድ አብዱ መንገድ ላይ ቆሞ ቀብር እንደሚሸኝ ሰው ያየው ነበር። ፈይሰል ለቅሶ ሊደርስ መጣ።

በዐሥረኛው ቀን ፈትሂያ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በከረረችበት ሰዓት መጣች። መዳፏን የምዕራቡ ግድግዳ ላይ አሳርፋ ቆየች። አራቱንም ክፍል ዞረች። ከዚያ ዓሣ ነጋዴዎቹን ጠርታ ፍሪዘሩን አስመለሰች።

በማግስቱ ፍሪዘሩ ድንገት ፀጥ አለ። አብዱ የተበላሸ መስሎት እየሮጠ መጣ። ፈትሂያ ከፍታ አንድ ላስቲክ እጁ ላይ አስቀመጠችለት፤ ድንጋይ ሆኗል። ሞተሩ ሥራውን ጨርሶ ነው ያረፈው። የመብራት ቆጣሪውም ሩጫውን ትቶ እንደ ጨዋ ሰው ይራመድ ጀመር። ኤሲውን ጄኔሬተር ያለው አንድ የፑኝዶ እንግዳ ማረፊያ ገዛው። ኒሙ በነበረበት አብዱ ሦስት ችግኝ ተከለ፤ ፍየል እንዳይበላበትም እያንዳንዱን በተራረፈ ሰማያዊ ቆርቆሮ አጠረው።

ሱቁ ላይ ግን ነገሩ የተፈራውን ያህል አልከፋም። ከሣቂዎቹ ገሚሱ ለብቻቸው መጥተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንዴት ነው የሚሠራው ይሉታል። አብዱ ቆርቆሮ ዝናብ ይከለክላል፣ ሣር ፀሐይ ይከለክላል፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ እያለ፣ ይህን ከተወለደ ጀምሮ የሚያውቀው ይመስል፣ ቆርቆሮውን ሸጦ ወደ ኦቹዶ ይልካቸዋል። ኦቹዶ ብስክሌቱ ላይ ሆኖ ይሰማዋል፤ ፈገግ ይላል እንጂ አያርመውም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ መጣ። አብዱ ሳሎን ተጋድሞ ነበር፤ መዝነቡንም ያወቀው በመስኮት ሲያይ ነው። ቆርቆሮ ሥር ዝናብ ሲመጣ የሰው ድምፅ አይሰማም ነበር፤ ሣሩ ሥር ግን ሹክሹክታ ይሰማል። ፈትሂያ ጀርባዋን ሰጥታው ላስቲክ እየቋጠረች፣ «ይሄ ሰውዬ እየነገርኩት ያንን ዛፍ ባይቆርጥ ኖሮ ይሄ ሁሉ መከራ ባልመጣ፤ ግን መቼ ሰው ይሰማል» አለች፣ በደህና ድምፅ።

«ማን ነው የማይሰማው?» አለ አብዱ።

ላስቲኩ ከእጇ ወደቀ። ቀስ እያለ ነገሩ ወጣ። ፈትሂያ ከተጋቡ ጀምሮ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር፣ ባሏ ፊት ቁጭ ብላ የልቧን ስትናገር ነው የኖረችው። የቆርቆሮው ጩኸት ድምፅዋን ይሸፍንላት ነበር። እሱ ደግሞ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እያየ ዱዓ እያደረገች ይመስለው ነበር።

አብዱ ከዚያ ትራሱን አስተካክሎ፣ ሌላስ ምን ስትይ ነበር አላት።

ፈትሂያ ወደ መስኮቱ አየች። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። ወንበሯን ወደ እሱ አዞረችና ከቤት ኪራዩ ዘመን ጀመረችለት።