ጠበል የጠጣው ትራክተር

የናፍጣ ሽታ በመስኮቴ ሲገባ ከሁሉ በፊት የሚታየኝ እጅ ነው፤ ጥፍሩ ሥር ግሪስ የደረቀበት፣ አውራ ጣቱ ላይ የቆየ ጠባሳ ያለበት የአባባ እጅ። ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ እጃቸው ግን አልተቀበረም። ካለፈው ጥቅምት ወዲህ በየማለዳው ይመጣል። ታናሽ ወንድሜ ውብሸት፣ ዓባይ ማዶ ባለው ባባታችን ግቢ፣ ከእኔ መስኮት ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ያንን ትንሽ ቀይ የአትክልት ትራክተር ድንጋይ ላይ አስቀምጦ እየፈታ ያጥባል፣ እያጠበ ይገጥማል። ቦታ ጠፍቶ አይደለም፤ ከማንጎው ሥር ሰፊ ጥላ አለ። ሰው የበደለበትን ነገር አምጥቶ ከበደለው ሰው ፊት የሚያቆመው ወይ በደሉን ረስቶ ነው፣ ወይ የሚናገርበት አፍ አጥቶ። የውብሸት የቱ እንደሆነ ለማወቅ አምስት ወር ጠበቅሁ።

ትራክተሩ አባባ ይሠሩበት ከነበረው ከሐይቁ ዳር የችግኝ ጣቢያ የወጣ ነው። ጣቢያው ከተዘጋ በኋላ ለብዙ ዘመን ከመጋዘን ጀርባ ሣር ውጦት፣ ዶሮ መቀመጫው ላይ ዕንቁላል ስትጥልበት ኖሮ፣ በመጨረሻ ካሮጌ ብረት ጋር በሐራጅ ተሸጠ። ውብሸት ያኔ ከፋብሪካ ጥገና ክፍል ጡረታ የወጣ ሰሞን ነበር፤ የሚፈታው ቢያጣ የግቢውን በር ማጠፊያ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ ገጥሞ፣ በሩ ጭራሽ አልዘጋ ብሎን ነበር። ዝገት የበላውን ብረት በጭነት መኪና አስጭኖ ሲገባ፣ «እታለም፣ የአባባን ትራክተር አመጣሁልሽ!» አለኝ። አመጣሁልሽ! እንደ ሙሽራ ቆሜ እልል እንድል።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ያልቻልሁት በመጋቢት፣ የልጅ ልጁ ሐና ከትምህርት ቤት መጥታ ጎማው ላይ ተቀምጣ፣ «አያቴ፣ ለምን ተበላሸ?» ብላ ስትጠይቀው የመለሰላትን ነው።

«እማማ ጥሩ በልጅነቷ በናፍጣ ፋንታ ውሃ ሞልታበት» አላት፣ እየሳቀ፣ መፍቻውን እያገላበጠ፣ ፊቱን ወደ መስኮቴ ሳያዞር።

ሐና ስምንት ዓመቷ ነው፤ ያልገባትን ነገር አትተውም። መስኮቴ ሥር መጥታ፣ «እማማ ጥሩ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። ብርድ ገባኝ ብዬ መስኮቱን ዘጋሁባት። በመጋቢት ሙቀት! አምስት ወር የጠበቅሁት መልስ ያ ሆነ። ሐሰቱ እኛን ቀብሮ በዚች ልጅ አፍ ሊኖር እንደሆነ ገባኝ፤ ከሞትሁ በኋላም ትራክተሩን የገደልሁት እኔ ነኝ።

የችግኝ ጣቢያው ከመንገዱ ጀምሮ ቁልቁል እስከ ሐይቁ ደንገል ይደርስ ነበር። ከላይ ሎሚና ዘይቱን፣ ከመካከል ፓፓያ፣ ከታች ውሃው በክረምት እየወጣ የሚልሰው የጎመን መደብ። ጠዋት ጠዋት ጉማሬ ወጥቶ ጎመኑን ግጦ ስለሚሄድ የጥበቃው ሽማግሌ ጣሳ ይደበድቡ ነበር፤ ጉማሬው ግን ጣሳውን ለምዶ የምሳ ደወል ያደረገው ይመስል በድምፁ ይመጣ ነበር። ትራክተሩ ካህያ ትንሽ ይበልጥ ነበር። ከፊቱ በተሰካ ብረት በእጅ ተዘውሮ ሲነሣ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ያስላል፣ ከዚያ ጢሱን ወደ ሐይቁ ይተፋል፣ ከደንገሉ ውስጥ ወፎች ግር ብለው ይነሣሉ። አባባም ያስላቸው ስለነበር የሁለቱን ሳል የምንለየው በጢሱ ነበር።

ናፍጣ የምሞላው እኔ ነበርሁ። ከዐሥር ዓመቴ ጀምሮ ከትምህርት ቤት በፊት ከመጋዘን ጀሪካኑን ተሸክሜ ወጥቼ፣ መቀመጫው ላይ ቆሜ፣ ያለ ማንቆርቆሪያ በቀጥታ እቀዳበት ነበር። አንዲት ጠብታ ቀዩ ቀለም ላይ አትወድቅም። አባባ ሰው ፊት የሚያመሰግኑ ሰው አልነበሩም፤ ሥራ ተቆጣጣሪው በመጣ ጊዜ ግን በጣታቸው አሳይተውኝ፣ «ይህች ልጅ አታፈስም» አሉት። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል። ከዚያ የሚበልጥ ያለኝ የለም።

እናቴ የመሪጌታ ልጅ ነበረች። ከደሴቱ ገዳም በታንኳ የሚመጣላትን ጠበል በቅል አስቀምጣ፣ ያልተረጨ ነገር ከግቢ አታስወጣም፤ የወለደች ላም፣ የሚዘራ ዘር፣ የታመመ ዶሮ። ትራክተሩ ሳሉ ሲበረታ እሱንም ጣቢያው ድረስ ሄዳ ረጨችው። አባባ ፈገግ አሉ። አልዳነም። ያን ሰሞን ውብሸት ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ከአያታችን ከመሪጌታው ዘንድ ዳዊት ይደግማል። መሪጌታ ደግሞ ጠበል ተረጭተው ብቻ ለሚሄዱ ሕመምተኞች ሁልጊዜ አንድ ቃል ነበረቻቸው፤ «ላይ ላዩን ብቻ አይሆንም፤ በባዶ ሆዳችሁ ጠጡት!» ይሉ ነበር። ልጅ የሰማውን ያደርጋል።

በሚካኤል ዕለት ጠዋት ጀሪካኔን ይዤ ስደርስ ውብሸት መቀመጫው ላይ ቆሞ፣ የናፍጣውን ቋት ክዳን ከፍቶ፣ የእናታችንን ቅል ወደ ውስጥ እየደፋ አገኘሁት። ናፍጣ ሳይሞላበት ቀድሞ የመጣው ለካ ቁርሱን ሳይበላ በባዶ ሆዱ ሊያጠጣው ኖሯል። አንጀቴ እስኪቆስል ሳቅሁ። ከዚያ የሆነው ሲገባኝ ሳቄ ቆመ። «እታለም፣ በሚካኤል አትናገሪ፣ በሚካኤል!» እያለ እግሬ ላይ ወደቀ። በበዓሉ ዕለት፣ በጠበሉ ቅል ላይ እጄን አስጭኖ አስማለኝ። እኔም ማልሁ። እያነከሰ እንኳ ቢነሣ ማን ያውቃል ብዬ፣ ከላዩ ናፍጣዬን ሞላሁበት። አላፈሰስሁም።

ጥቂት ሄዶ ቆመ። አባባ ውሃ እንደጠጣ አላወቁም፤ ቀኑን ሙሉ ሲዘውሩት፣ ሲማጠኑት፣ ሲቆጡት ዋሉና የናፍጣው ፓምፕ ውስጡ ተሰበረ። በሦስተኛው ቀን የመጣው መካኒክ ከሥሩ ቀድቶ በመዳፉ አየና፣ «ውሃ ነው» አለ። አባባ ሁለታችንን አቆሙን።

«ማን ነው የሞላው?»

የሞላሁት እኔ ነኝ። «እኔ ውሃ አልሞላሁም» አልሁ፤ ከዚያ ወዲያ መሐላው ያዘኝ። ውብሸትን አየሁት። እሱ የእግሩን ጣቶች ይቆጥር ነበር። አባባ ሌላ አልጠየቁም፤ ጀሪካኑን ተቀብለውኝ ወደ መጋዘን ገቡ። እኔን ዳግመኛ አላስጨበጡኝም።

ለትራክተሩ መለዋወጫ አልተገኘም። አባባ ወደ ዶማ ተመለሱ፤ ባለትራክተሩ ይባሉ የነበሩት ሰው ከቀን ሠራተኞች ጋር ተሰልፈው ቆፈሩ። በሁለተኛው ሳምንት እኔን ከሐይቁ ማዶ ጎርጎራ ላለችው አክስቴ ላኩኝ። እሷ ዓሣ ታደርቃለች፣ ልጅ የላትም፣ ሰው ያስፈልጋታል ተባለ። በዚያ ሰሞን ውብሸት የአንገቱን ማተብ ሐይቅ ስዋኝ ጠፋብኝ ብሎ እናቴ አንድ ቀን ሙሉ አልቅሳ ነበር፤ የእኔን መሄድ ያለቀሰ አላየሁም። አባባ ወደብ ድረስ ሸኙኝ፤ ጀልባዋ እስክትርቅ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። ስድስተኛ ክፍልን አልጨረስሁም። ዓሣ ዓሣ ሸተትሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ፣ ቀበርሁ። ውብሸት ተማረ፤ አባባ የሚያውቁትን ሁሉ አስተማሩት፤ ፋብሪካ ገባ።

አንድ ጊዜ አባባ ጎርጎራ መጡ፤ ማንጎ በኬሻ ይዘው። ወደቡ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ብዙ ቆየን። «ጥሩ» አሉ። «አቤት አባባ» አልሁ። «ያ ነገር...» ብለው ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሲለቃቸው፣ «ማንጎው እንዳይበላሽ ቶሎ ብሉት» ብለው ተነሡ።

ሊሞቱ ሲሉ በንስሐ አባታቸው ፊት፣ «የመፍቻ ሣጥኔ ለጥሩ ይሰጥ» አሉ አሉኝ። መካኒኩ ልጃቸው ፊታቸው ቆሞ! ዘመድ ሁሉ ገረመው፤ እኔ ግን የገባኝ መሰለኝ። ሞተሩን ለገደለች ልጅ መፍቻውን መስጠት ከመቃብር የመጣ ሽሙጥ ነው ብዬ ሣጥኑን ተቀበልሁ፤ ቁልፉ ከእጀታው ጋር በሽቦ እንደታሰረ ነበር። አልከፈትሁትም። መፍቻ ምን ይታያል? ትራስ ጣል አድርጌ ወንበር አደረግሁት። ጎርጎራ ተቀመጥሁበት፤ ባሌ ሲሞት ባሕር ዳር ይዤው ተመልሼ በመስኮቴ ሥር ተቀመጥሁበት። ውብሸት ሲፈታ ሲገጥም የማየው እዚያ ላይ ሆኜ ነው።

በሚያዝያ ሥራው ቆመ። የፓምፑ ብሎን በገበያ መፍቻ አይፈታም፤ ለእሱ የሚሆን አባባ ራሳቸው ሞርደው ያቀጠኑት አንድ መፍቻ ነበር። ውብሸት እጁን በጨርቅ እየጠረገ መስኮቴ ሥር መጣ።

«እታለም፣ ሣጥኑን ብትሰጪኝ?»

«ተቀምጬበታለሁ።»

«ትነሺ የለ?»

«ስሞት እነሣለሁ።»

«እግዜር ያርቀው» አለና ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ሦስት ሳምንት እየመጣ ለመነኝ። በሐና ፊት ያወራውን በሐና ፊት ይመልስ እንጂ ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲህ ብዬ ግን አልነገርሁትም። የሚጠበቅበትን የማያውቅ ሰው ደግሞ አያደርገውም። ይህን የማውቅ እኔ ነኝ፣ በመጠበቅ ያረጀሁት።

አንድ ጠዋት ዳዊቴን ይዤ ተቀምጬ ሳለ ከግቢው ሳል ሰማሁ። ሁለት ጊዜ። የአባባ ነው። ጥርጥር አልነበረኝም፤ ከደረት ሥር የሚመጣ፣ መጨረሻው የሚጎተት። ውብሸት ሲሊንደሩን ሊፈትሽ ያለ ናፍጣ በእጁ ዘውሮት ኖሯል፤ ባዶው ሞተር የሃምሳ ዓመት አየሩን ነው የተነፈሰው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን፣ አባት ሲገባ እንደሚነሡ ልጆች፣ ብድግ ብዬ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ሣጥኑ ላይ ማንም አልተቀመጠም ነበር። አይቼው፣ አይቼው፣ ሽቦውን ፈታሁ።

መፍቻዎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው እንደ ሕፃናት በተራ ተኝተዋል። ከሥራቸው ናፍጣ ያደረቀው አንድ ቁራጭ ጨርቅ አለ፤ ስፈታው ትንሽ የወይራ መስቀል ወጣ፤ አንድ ክንፉ የተሸረፈ፣ ክሩ ጠቁሮ ሽቦ የሆነ። መሪጌታ በእጃቸው ጠርበው ለውብሸት ክርስትና ያሰሩለት። ሐይቅ የበላው ማተብ። ጎንበስ ብሎ ሲያጠጣው ከአንገቱ ተበጥሶ ቋቱ ውስጥ ወድቆ ኖሯል።

ቋቱን ያጠቡት አባባ ናቸው፤ መካኒኩ በሄደበት ዕለት። እኔ በጀልባ የተጫንሁት ከዚያ በኋላ ነው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደብ ላይ የቆሙት ሰውየ ይህን መስቀል በኪሳቸው ይዘው ነበር ማለት ነው። ወንዱ ልጅ ስሙ እንዳይጎድፍ፣ ሴቷ እንደሆነ ነገ ሰው ቤት ሂያጅ ናት ብለው ይሆናል። ይሆናል እንጂ አላውቅም። የማውቀው፣ ሊነግሩኝ ሁለት ጊዜ እንደ ሞከሩ ነው፤ አንድ ጊዜ ሳል ያዛቸው፣ በሁለተኛው እውነቱን በሣጥን ቆልፈው ሰጡኝ፤ እኔም ሠላሳ ዓመት ተቀመጥሁበት። ደግ ነገር አልልላቸውም። አፍ ያለው ሰው በሣጥን አይናገርም።

ሣጥኑን ይዤ ወጣሁ። ሐና ጎማው ላይ ነበረች። መፍቻውን በውብሸት አንድ እጅ፣ ማተቡን በሌላው አስቀመጥሁለት። መፍቻው ሳያየው ከእጁ ወደቀ።

«የት አገኘሽው?»

«አባባ ያስቀመጡት ነው። ከቋቱ ውስጥ።»

«አባባ?» አለ። ድምፁ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነ። «ያውቁ ነበር?»

ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ መስቀሉን በጣቱ እያገላበጠ፣ ቀና ሳይል፣ «ሐናዬ፣ ያን ዕለት የነገርሁሽ ውሸት ነው። ውሃውን የጨመርሁት እኔ ነኝ፤ ጠበል ላጠጣው ብዬ። እማማ ጥሩ ምንም አላደረገችም» አላት።

ሐና እኔንም እሱንም ትራክተሩንም አየች። «ትራክተሩ ጠበል ጠጣ?» ብላ ሳቀች፤ በዚያ የሚካኤል ጠዋት እንደ እኔ፣ አንጀቷ እስኪቆስል። ልቆጣት አፌን ከፍቼ ተውሁት። የሚያስቅ ነገር ነበር። አምሳ ምናምን ዓመት በተነገረልኝ ብዬ የጠበቅሁት ቃል ይኸው ተነገረ፤ በግቢ ውስጥ፣ በልጅ ፊት፣ በግልጽ። ከዚያ ወዲህ ዕረፍት ይሰማኛል ብዬ ነበር። ቃሉ ግን የመጣው ከሚያስፈልገኝ ሰው አይደለም፤ የሚያስፈልገኝ ሰው ከማንጎና ከሣጥን በቀር የሰጠኝ ሳይኖር አፈር ለብሷል።

ብሎኑ በአባባ መፍቻ ወዲያው ተፈታ። ፓምፑን ከሌላ ሞተር በወጣ ተክቶ ለመጨረስ ሌላ ሁለት ሳምንት ፈጀ። የሚነሣበት ዕለት ውብሸት ጀሪካኑን አንሥቶ፣ ማንቆርቆሪያውን በእግሩ ገፋ አድርጎ፣ ለእኔ ዘረጋልኝ።

«አንቺ ሙዪው፣ እታለም። አንቺ አታፈሺም።»

ትራክተሩን በአዲስ ቀይ ቀለም ቀብቶታል። ሐና ክንዴን ደግፋ አወጣችኝ፤ በዐሥር ዓመቴ እንደምቆመው መቀመጫው ላይ ቆምሁ። ያኔ ከመቀመጫው ላይ ሐይቁ ይታይ ነበር፤ አሁን የጎረቤት ፎቅ ነው የሚታየው። ጀሪካኑን አዘነበልሁ። ናፍጣው የቋቱን አፍ ስቶ በቀዩ ቀለም ላይ ቁልቁል ወረደ፤ ውብሸትም ሐናም ያላዩ መሰሉ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈሰስሁ።