ካሜራ ፊት የሚባለው

የትምህርት ክፍሏ ልጆች «ሠርግ» ይሏታል። አስተማሪዎቹም ሲቸኩሉ ያመልጣቸውና «ሠርግ የት ሄደች?» ይላሉ። ቅጽል ስሙ ያለ ነገር አልወጣላትም። ፊልምና ቴሌቪዥን ፕሮዳክሽን ልትማር ዩኒቨርሲቲ በገባች በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ ጫማ ሰፊ በሥራው ላይ እንዳለ ቀርጻ እንድታመጣ ታዘዘች። ያመጣችው ግን ሌላ ነው። ጫማ ሰፊው መዶሻውን ደብቆ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ ካሜራውን ትክ ብሎ ያያል። ካሜራውም ቀስ እያለ፣ እንደሚያባብል ሁሉ ይጠጋዋል። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። «ሙሽሪትስ የት አለች?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ስሙም በዚያው ተጣበቀባት።

ምን ታድርግ? ያደገችው ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። አባቷ ጉርድ ፎቶ እያነሳና ሠርግ እየቀረጸ ቤቱን ያቆመ ሰው ነው። ሰፈሩ «ቀና በሉ» እያለ ይጠራዋል፤ ካሜራ ባነሳ ቁጥር መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው ቃል እሱ ነውና። እሷም ካሜራ ስትይዝ ሳታስበው ያው ቃል ያመልጣታል፤ ሰዉም ቀና ይልና ይደርቃል።

ፎቶ ቤቱ ከፊት አንድ ክፍል፣ ከኋላ አንድ ክፍል ነው። ከፊት በርጩማ፣ ሰማያዊ መጋረጃ፣ መስታወት፣ ደንበኛ ይዟት እንዳይሄድ በሲባጎ የታሰረች ማበጠሪያና አንድ ጥቁር ኮት አለ። ኮቱ ያለ ኮት ለመጣ ሁሉ ነው። የሰፈሩ ወንድ በሙሉ መታወቂያው ላይ የለበሰው ያንኑ አንድ ኮት መሆኑን የሚያውቀው ይህ ቤተሰብ ብቻ ነው። የኋላው ክፍል መስኮት የለውም። እናቷ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ የሰው ፊት ታስተካክላለች፣ ታትማለች፣ በመቀስ ትቆርጣለች። የቤተሰቡ መኝታ ከዚያ ወዲያ ነው፤ ልጅቷ ከአልጋዋ ተነስታ መንገድ ለመውጣት ሁልጊዜም በእናቷ ጀርባና በሰማያዊው መጋረጃ ፊት ማለፍ አለባት።

ጓደኞቿ ቅዳሜና እሁድ ካሜራ ተውሰው ከተማውን ሲያስሱ፣ እሷ ቅዳሜም ሠርግ፣ እሁድም ሠርግ ነበረች። የሰው ደስታ እንዴት እንደሚያንገሸግሽ በቅዳሜና እሁድ ሠርግ ያልኖረ አያውቀውም። ሙሽሮች ኬክ ሲቆርሱ ባየች ቁጥር ቢላዋውን ነጥቃ ራሷ ቆራርሳ ልትገላገለው ያምራታል። ግን አባቷን ትወደዋለች፤ እሱን እምቢ ማለት ደግሞ አልለመደችም። «ልጄ ከኔ ጋር ናት» ይላል አባት ለደንበኛ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ የካሜራውን ማቆሚያ፣ ትራይፖዱን፣ ትሸከማለች።

በመጨረሻው ዓመት አንድ በር ገርበብ አለ። ራቅ ያለ ከተማ ያለ የፊልም ድርጅት ፊልም እየቆረጠ የሚቀጥል ረዳት ኤዲተር ይፈልጋል፤ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ የመመረቂያ ፊልሞቹን አይቶ አንድ ሰው ይወስዳል ተባለ። ልጅቷ ያንን ሥራ እንደ ውሃ ተጠማችው። ሌላ ከተማ፣ የራሷ ክፍል፣ መስኮት ያለው። የመመረቂያ ፊልሟ አማካሪ ምላሱ እንደ ሬት የሚመር ሽማግሌ ነው። ያቀረበችለትን ሐሳብ ሁሉ ወደ ጎን ገፋና «ከሠርግ መውጣት ካልቻልሽ አርፈሽ ግቢበት። አባትሽን ቅረጪ» አላት።

የቀረጻው ቀን አባቷ ያንኑ የሰፈሩን ኮት ለብሶ ጠበቃት። ሱቁን ዘጉና እሱ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እሷም ትንሿን ገመድ አልባ ማይክ ኮቱ ላይ ሰካችለት። ስለ ሥራው ጠየቀችው፤ እንደ ዜና አንባቢ መለሰ። ስለ ልጅነቱ ጠየቀችው፤ እንደ ሹመኛ መለሰ።

«ዘና በል እንጂ አባዬ።»

«ዘና ብያለሁ» አለ፣ ችካል መስሎ።

በመጨረሻ የፈራችውን ጠየቀች። «ሌላ ከተማ ሥራ ባገኝና ብሄድስ?»

አባት ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጅ የአገር ሀብት ነው። እኔ መንገዷን አልዘጋም። ትሂድ፣ ትደግ፣ ምርቃቴም አይለያት» አለ፣ ለካሜራው።

እንዲህ ያለ ንግግር ለሕንፃ ምረቃ እንጂ ለልጅ አይደረግም። ቢሆንም ቀለል አላት፤ ትሂድ ብሏልና።

አንድ ሥራ ቀርቶ ነበር። ድምፅ የሚቀዳ ሰው ቀረጻው ሲያልቅ ባዶውን ክፍል ጥቂት ይቀዳል። ዝም ያለ ክፍልም የራሱ ድምፅ አለው፤ ኋላ ፊልሙ ሲቀጣጠል ስፌቱ እንዳይታወቅ ከሥር የሚነጠፈው እሱ ነው። «አባዬ፣ የክፍሉን ዝምታ ልቀዳ ነው፤ ጓዳ ግባልኝ» አለችው። ገባላት። ካሜራውም የድምፅ መቅጃውም እንደሠሩ ናቸው። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዐይኗን ጨፈነች። ማይኳን ከኮቱ ላይ መንቀል ግን ረስታለች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የአባቷም አፍ ያመለጠው በቀጥታ ወደ ልጁ ጆሮ ነበር።

«ነገርካት?» አለች እናቷ። ድምጿ አጠገቧ የቆመች ያህል ነው።

«ምኑን?»

«እጅህን ነዋ።»

«ካሜራ ፊት? ምን ነካሽ አንቺ? ያለፈውን ሠርግ እኮ ሙሉውን የቀረጸችው እሷ ናት። ‹ሙሽራዋን አንቺ ያዣት፣ ሴት ለሴት ይሻላል› ብላት አመነችኝ። እኔ አሁን ጉርድ ፎቶ እንኳ የማነሳው ትንፋሼን ውጬ ነው። እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ትሂድ አልክ?»

«ካሜራ ፊት ሌላ ምን ይባላል? ካወቀች አትሄድም። ካላወቀች ትሄዳለች። እኔ ደግሞ ሁለቱንም አልችላቸውም።»

ከዚያ ወዲያ የተሰማው የእናቷ መቀስ ብቻ ነው። ልጅቷ ማዳመጫውን ማውለቅ ነበረባት፤ አላወለቀችም። አባቷ ተመልሶ «ተቀዳልሽ?» ሲላት «ተቀድቷል» አለች፣ ማይኳን ከኮቱ እየነቀለች። እጁን ልታየው ፈለገች። እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ወዲያ ቢሉ ገደል፣ ወዲህ ቢሉ ገደል። ከቀረች ለምን እንደቀረች ይገባዋል፤ ዕድሜ ልኩን ልጄን አሰርኳት እያለ ይኖራል። ከሄደች ፎቶ ቤቱ ይዘጋል። እንዳልሰማ ሰው ሆና ብትሄድስ? ሞክራዋለች። በሐሳቧ ሻንጣዋን ይዛ ከመኝታዋ ትነሳለች፤ እናቷ ጀርባ ጋ ስትደርስ ሻንጣውን መልሳ ታስቀምጣለች። በቀጣዩ ሠርግ ላይ አባቷ ካሜራውን ትራይፖዱ ላይ አስሮ፣ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ለእንግዳው ሁሉ ፈገግ ሲል አየችው። እስከዛሬ ይህን እንደ ኩራት ነበር የምትቆጥረው። ሙሽራዋን ስትቀርጽ ዐይኗ ወደ እሱ እየሄደ ቀለበት ሲታሰር አመለጣት፤ በዚህ ቤት ታሪክ ቀለበት አምልጦ አያውቅም። አባቷ ለእንግዳው ፈገግ ማለቱን ቀጠለ። ይህ ደግሞ ከቁጣ ባሰባት።

አማካሪዋ የቀረጸችውን ሲያይ ደጋግሞ አዛጋ። ዝምታው ጋ ሲደርስ ማዛጋቱን ተወ። ስክሪኑ ላይ ባዶ በርጩማና ሰማያዊ መጋረጃ፣ ከዚያ የማይታዩ የሁለት ሰዎች ድምፅ።

«እስከዚህ ድረስ ሠርግ ነው» አለ በጣቱ እየጠቆመ። «ፊልምሽ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የድርጅቱ ባለቤት ይህን ካየ ሌላ ሰው አይመርጥም።»

«ቲቸር፣ አባቴ መሰማቱን አያውቅም።»

«ጠይቂዋ። እሱ ሳይፈቅድማ አይታይም።»

«ፊልሙ የሚታየው በምረቃው ዕለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ማን ሠርግ ይሰጠዋል?»

ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን አሸ። «እሱን እኔ አላስተምርም» አለ።

እንግዲህ የምትወጣበት በር በአባቷ ገመና በኩል ነው የተከፈተው፤ ሌላ በር የለም። በአማካሪዋ ተናደደች፣ በአባቷ ተናደደች፣ ያችን የባቄላ ፍሬ የምታህል ማይክም ረገመቻት። ከሁሉ ይልቅ ያናደዳት ግን ባዶው በርጩማ ቆንጆ ምስል ሆኖ መገኘቱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ኤዲቲንግ ክፍል ተዘግታ ደጋግማ አየችው። እንባዋን እየጠረገች «የት ላይ ልቁረጠው?» እያለች ታስባለች። ይህን ማሰቧን ባወቀች ጊዜ አፈረች።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ደንበኛ ቀዝቀዝ ሲል፣ ላፕቶፗን የፎቶ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከፈተች። ምንም ሳትል ማዳመጫውን አባቷ ጆሮ ላይ አደረገችለት።

አባት እስከ መጨረሻው ሰማ። ማዳመጫውን አውልቆ «ድምፁ ጥርት ያለ ነው» አለ፤ ሙያተኛ አይደል። ቆይቶ ግን ዐይኑ እንባ አቀረረ። «ልታሳዪው ነው?»

«ካልፈቀድክ አላሳየውም።»

«ካሳየሽው ትሄጃለሽ።»

«ከወሰዱኝ ነዋ።»

«ይወስዱሻል» አለ። መንገዱን ሲያይ ቆየ። «በይ ካሜራሽን አምጪ።»

ዛሬ ኮቱን አልለበሰም። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣና ጉልበቱ ላይ አደረገው። እጁ የሌላ ሰው ይመስል ብቻውን ይንቀጠቀጣል። እሷ ቀና በል አላለችውም፤ ካሜራውንም አላስጠጋችም። ከቆመችበት ቀረጸችው።

«ይኸው» አለ አባቷ። «ያየ ይየው። ሂጂ ልጄ።»

ካሜራውን አጠፋች። ክዳኑንም ገጠመችው። «አሁን ንገረኝ» አለችው።

አባት የሚንቀጠቀጠውን እጁን በሌላኛው ያዘው። «አትሂጂ» አለ።

«የትኛውን ልስማ አባዬ?»

«ሁለቱንም ያልኩሽ ከልቤ ነው። ቆርጦ መቀጠል የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ምን አውቅልሻለሁ?» አለና ተነስቶ ወደ እናቷ ጓዳ ገባ።

ልጅቷ ትራይፖዱን ይዛ እንደቆመች አንድ ሰው በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። ጉርድ ፎቶ ነበር የፈለገው፣ ቸኩሏል። ወደ ጓዳው ዞር ብላ ጠበቀች። የሚወጣ ሰው የለም። እዚያ ቤት ከእሷ በቀር የሚያነሳው ስላልነበረ፣ የካሜራውን ክዳን መልሳ ነቀለችና ወደ ሰውየው አዞረችው፤ የመሄድ የመቅረቱን ነገር የት ላይ እንደምትቆርጠው ግን ገና አላወቀችም።