ቲቸር አስናቁ ያቀፉት ማይክሮስኮፕ

አዮዲን ሲሸተኝ ልቤ ዛሬም ይደነግጣል።

ደብረ ታቦር ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ የሳይንስ መምህሬ ቲቸር አስናቁ ስስ የሽንኩርት ልጣጭ አዮዲን ጠብ አድርገውበት በማይክሮስኮፕ አሳዩኝ። ሴሎቹ እንደ ግንብ ድንጋይ ተደርድረዋል። ዓይኔን ከሌንሱ ሳላነሳ በሩ በእርግጫ ተበረገደ። የታጠቁ ሰዎች ገብተው የክፍሉን የሙከራ ዕቃ በጠመንጃ ሰደፍ ሰባበሩት። ቲቸር ማይክሮስኮፑን ደረታቸው ላይ አቀፉ።

«ልቀቂው!» አለ አንዱ።

«ያለን ይኸው አንድ ነው፤ አልለቅም!»

ክንዳቸውን በሰደፍ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ፤ ደማቸው ፊቴ ላይ ተረጨ። ማይክሮስኮፑንም ወለሉ ላይ አደቀቀው።

ሰዎቹ ሲወጡ ቲቸር፣ «አየሽ?» አሉኝ።

ስለ ሴሉ መስሎኝ፣ «አዎ ቲቸር፣ ግድግዳ አለው» አልኳቸው። እያለቀሱ ሳቁ።

ዛሬ እዚያው ክፍል እኔ አስተምራለሁ። የቲቸር ክንድ አልተቃናም። ምኑን አየሽ እንዳሉኝ ግን እስካሁን ለመጠየቅ አልደፈርኩም።