ሞተች የተባለችው ውሻ

ወንድሜ የእናታችን ውሻ በሐዘን መሞቷን ለሰው ሁሉ ያወራ ነበር። ከአርባዋ በኋላ እህል አልቀምስ ብላ፣ እናታችን ትተኛበት በነበረው ክፍል ደጃፍ ተጋድማ፣ በዘጠነኛው ቀን ሞተች ይላል። እሱም አጠገቧ ቁጭ ብሎ ወተት በማንኪያ ሲግታት ከርሞ፣ በገዛ እጁ ቆፍሮ ጓሮ ካለው የዘይቱን ዛፍ ሥር ቀበራት። ይህን በየለቅሶ ቤቱ ሲተርክ ሴቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ይወስዳሉ። እኔም በስልክ ሲነግረኝ አልቅሻለሁ።

እናቴን ሦስት ዓመት ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ያገላበጥኳት፣ ያጠብኳት፣ ቀትር ላይ አየሩ ሲታፈን በካርቶን ያራገብኩላት እኔ ነኝ። ወንድሜ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ብቅ ይልና በር ላይ ቆሞ፣ ዛሬ ደህና ናት ብሎ ይሄዳል። ስትሞት ግን ድንኳን ውስጥ ከፊት የተቀመጠው እሱ ነበር፤ ሰውም ያጽናናው እሱን ነው። ከአርባዋ በኋላ ታላቅ ነኝ ብሎ ሚስቱንና ልጁን ይዞ እናቴ ቤት ገባ። እኔ እዚሁ ድሬ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የተሰፋ ልብስ እመረምራለሁና እዚያው አቅራቢያ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ውሻ አይገባም አሉኝ። ስለዚህ ውሻዋን ትቻት ወጣሁ። ስትከተለኝ በሩን የዘጋሁባት እኔው ነኝ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ከወራት በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስልኳን ዘርግታ የውሻ ፎቶ ታሳየኝ ጀመር። ከከተማው ዳር የተጣሉ ውሾች የሚሰበሰቡበት ግቢ አለ፤ የሚወስዳቸው ሰው እየፈለጉ ነው አለችኝ። አራተኛው ፎቶ ላይ እጄ ቆመ። ግራ ጆሮዋ ጫፉ የተቀደደ፣ አንገቷ ላይ እናቴ ከአሮጌ መጋረጃዋ ቀዳ የሰፋችላት ማሰሪያ። አረንጓዴ አበባ ያለበት።

በማግሥቱ ወንድሜ ቤት ሳይሆን ከቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ ወዳላት ሶማሌ ጎረቤታችን ሄድኩ። ውሻዋን መጨረሻ መቼ እንዳየቻት ጠየቅኳት። ሴትዮዋ ግራ ገባት። ወንድሜ አንድ ቀን ጠዋት በገመድ አስሮ ባጃጅ ላይ ሲጭናት በዓይኗ አይታለች።

«ዋላሂ አባዮ፣» አለችኝ፣ እኅቴ ማለቷ ነው፣ «እኔ ወዳንቺ የወሰዳት መስሎኝ ነበር።»

ቅዳሜ ወደ ግቢው ሄድኩ። የሚጠብቁት ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ውሻዋ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ድልድዩ አጠገብ፣ መኪና ገጭቷት እንደተገኘች ነገሩኝ። የኋላ እግሯ ድኗል፣ ግን ታነክሳለች። ዝናብ ሳይመጣ ደረስንላት እንጂ ጎርፉ ይወስዳት ነበር አሉ። እኔ ስታየኝ ትዘልላለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ቀስ ብላ መጣች፣ እጄን አሸተተች፣ ተመልሳ ጥላው ውስጥ ተኛች። እናቴ ስም አላወጣችላትም ነበር፤ «ነይ አንቺ» ብቻ ነበር የምትላት። እኔም እንደዚያ ብዬ ጠራኋት። ጭራዋን አንዴ መሬት ላይ መታች።

ሰውየው ለምን እንደምፈልጋት ጠየቁኝ። የእናቴ ናት አልኳቸው። እውነት ነው፤ ግን በዚያ ሰዓት በልቤ የነበረው ወንድሜ እንጂ ውሻዋ አልነበረችም። ውሻ የሚያስገባ ቤት እስክታገኚ ድረስ አልሰጥሽም አሉኝ። ግቢ ያለው ሌላ ክፍል ተከራየሁ፣ መጥተው አዩት፣ ዳግመኛ ላልጥላት ፈርሜ ወሰድኳት። ለማንም አልተናገርኩም። የእናቴ ሙት ዓመት አንድ ወር ቀርቶት ነበር።

ያን ወር እንዴት እንዳሳለፍኩት እግዚአብሔር ይወቀው። ሥራ ላይ ሆኜ እንኳ ለወንድሜ የምናገረውን ቃል እመርጥ ነበር።

የሙት ዓመቱ ዕለት ውሻዋን ጎረቤታችን ሱቅ ጀርባ ጥላ ውስጥ አሰርኳት። ሴትዮዋ ውሻ አትነካም፤ ቢሆንም በአሮጌ ቆርቆሮ ውሃ ቀድታ በእግሯ ገፋ አደረገችላት። እናቴ ቤት ደጅ በተተከለው ድንኳን ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፣ በልተው እስኪሄዱ ጠበቅኩ። እነሱ ባሉበት ማድረግ አልፈለግኩም። ከዚያ አክስቴ ስለ እናቴ ደግነት አንስተው፣ እንስሳው እንኳ አልቻለም አሉና ወደ ወንድሜ ዞሩ። ወንድሜም ጀመረ። ማንኪያውን፣ ወተቱን፣ ዘጠኙን ቀን። ዘይቱኑ ዛፍ ጋ ሲደርስ ተነስቼ ወጣሁ።

ስመለስ ውሻዋ እያነከሰች ከጎኔ ነበረች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ።

«ጋሼ፣» አልኩት፣ «የቀበርካት ይቺን ነው?»

ውሻዋን አየ፣ ከዚያ እኔን። «ሌላ ውሻ ናት» አለ።

አክስቴ ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው ማሰሪያውን ያዙ። «ይሄ የመጋረጃዋ ጨርቅ ነው። አብሬያት ነው የገዛሁት» አሉ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሳቁንም ዋጠው። ወንድሜ ላቡን በመዳፉ ጠረገ። ያን ላብ ሳየው የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልክደውም።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩበትም ነበር። የወንድሜ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዘይቱኑ ሥር ድንጋይ ደርድራ አበባ ስታኖር የከረመችው እሷ ናት። ሩጣ መጥታ የውሻዋን አንገት አቀፈች፣ ከዚያ ቀና ብላ አባቷን አየችው። ያን አስተያየት ለእሱ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሷ ግን አባቷን እንደዚያ እንድታየው አልፈለግኩም ነበር።

በሳምንቱ ወንድሜ ቤቴ መጣ። በሩን አልከፈትኩለትም፤ በፍርግርጉ ነው የተነጋገርነው። ውሻዋ ጎህ ሲቀድ እናታችን ክፍል በር ላይ ትጮህ እንደነበር፣ ያን ጩኸት መስማት እንዳቃተው ነገረኝ። በኋላ ያደረገውን ለመናገር አፈረ፤ አንዴ ከዋሸ ደግሞ ሰው እያስደገመው ታሪኩ አደገበት። ድምፁ ተሰብሮ ነበር፤ አመንኩትም።

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለ።

«እኔ ያን ጩኸት ሦስት ዓመት ከራሷ ከእናቴ አፍ ሰምቻለሁ» አልኩት። «ባጃጅ ላይ አልጫንኳትም።»

ፍርግርጉን ለቆ ሄደ። ዘመድ ግማሹ ከእኔ ጋር ነው፣ ግማሹ በሙት ዓመቷ ቀን መሆን አልነበረበትም ይላል። አክስቴ አስታርቃለሁ ብለው ሁለት ጊዜ መጥተው ነበር፤ እምቢ አልኩ።

ልጅቷ ግን እሑድ እሑድ ውሻዋን ለማየት ትመጣለች። ውሻዋም አሁን ለምዳኛለች፤ ከሥራ ስመለስ በር ድረስ ትቀበለኛለች። ወንድሜ ልጁን እስከ በሬ ያደርሳትና አይገባም። መንገዱ ማዶ ግንቡን ተደግፎ ይጠብቃታል። እዚያ ጋ ዛፍ የለም። በእኛ በኩል ሰፊ ጥላ አለ፣ ሁለት ወንበርም አለኝ። የድሬን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይቆማል። በመጋረጃው አየዋለሁ። ግባ ብዬው አላውቅም።