አህያውን ፈረስ ነው ያሉልኝ ሽማግሌ

ሥራዬ አህያ መሣል ነው። ይህን በአንድ ትንፋሽ መናገር የቻልኩት ካለፈው ዓመት ወዲህ ነው። ቀድሞ «ምን ትሠራለህ?» ስባል መልሴ እንደ ጠያቂው ይለያይ ነበር። ለእኩያዬ «ዲዛይነር ነኝ» እላለሁ፤ ለጎልማሳ «ኮምፒውተር ላይ ነው የምሠራው»፤ ሽማግሌ ሲጠይቀኝ ደግሞ ሳል ይይዘኛል።

ነገሩ የተጀመረው ተማሪ ሳለሁ፣ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ አንድ ጌም ቤት ውስጥ ተራ ስጠብቅ ነው። ወረፋው አላልቅ ሲለኝ ጌም ውስጥ የገቡ እንስሳት መሣል ጀመርኩ። አንበሳው ሰይፍ ይመርጣል፣ ነብሩ መኪና ይመርጣል። አህያው ግን ገና «ጀምር» የሚለውን ሲጫን ጀርባው ላይ ጭነት ይወጣበታል። ጀግና ልሁን ብሎ ይገባል፣ የሌላ ጀግና ዕቃ ተሸክሞ ይወጣል። ቀልዱ ይኸው ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ የኖርኩት በዚሁ ቀልድ ነው። በእሽቅድምድም ጌም ነብሩ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁል ሲበር፣ አህያው ከሽንኩርት ጋር የጭነት መኪና ላይ ተጭኖ «ስንተኛ ወጣሁ?» ይላል። የመጨረሻው ጠላት ዘንዶ አይደለም፤ የመሥሪያ ቤት መስኮት ውስጥ የተቀመጠ ጅብ ነው። አህያው ታግሎ ታግሎ የጅቡን ጉልበት የሚያሳየው ቀይ መስመር ሊያልቅ ሲል፣ ጅቡ «ሻይ ሰዓት ነው» ብሎ መስኮቱን ይዘጋል። ሲመለስ መስመሩ ሞልቷል። ጨዋታው የደረሰበት የሚመዘገበው አውራ ዶሮው ሲጮህ ነው፤ ከመጮሁ በፊት መብራት ከጠፋ ሁሉም ነገር ከሀ ይጀመራል።

መጀመሪያ ፌስቡክ ላይ፣ ኋላ ቴሌግራም ላይ በየሐሙሱ አወጣዋለሁ። ተከታዩ ብዙ ነው፤ ማስታወቂያም ይመጣል፤ እሱ ያኖረኛል። የሚገርመው፣ የማላውቀው ሰው ታክሲ ውስጥ ስልኩን ይዞ በአህያዬ ሲስቅ አይቼ ደስ ብሎኝ ያውቃል፤ «የኔ ነው» ብዬ ግን አላውቅም። አባቴም ሳያውቅ ነው የሞተው። ኮምፒውተር የምጠግን ይመስለው ነበር፣ አላህ ይዘንለትና ጎረቤት ሬዲዮ በተበላሸበት ቁጥር ወደኔ ይልክ ነበር።

የወደድኳትን ልጅ ያገኘኋት በአህያው ሰበብ ነው። ኮምቦልቻ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ሐሙስ፣ ከአህያው ጋር የሚጫወት አንድ ኤሊ አፉን ከፍቶ ሲስቅ ከሣልኩት ሥዕል ሥር «ኤሊ ጥርስ የለውም» ብላ ጻፈች። ተናደድኩ። ጌም የሚጫወት ኤሊ አምና ተቀብላ ጥርሱ ላይ ትከራከረኛለች! «አንቺ ኤሊ ስንት ጊዜ አፉን አይተሻል?» ብዬ መለስኩላት፤ እሷም ፎቶ ላከችልኝ። ከዚያ በኋላ ኤሊውን ያለ ጥርስ መሣል ጀመርኩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ጃኬቴን ደሴ ትቼ ወደ ሞቃቷ ኮምቦልቻ መውረድ። ልንጋባ ስንስማማ ሽማግሌ ቤተሰቦቿ ወዳሉበት ወደ ቢስቲማ መላክ ነበረብኝ። «ሽማግሌህ ስለ ሥራህ እውነቱን ይንገሩት» አለችኝ፤ «አባቴ ዝምተኛ ነው እንጂ ቀልድ ያውቃል።»

ሽማግሌ እንዲሆኑኝ የለመንኳቸው የአባቴን ጓደኛ፣ ጎረቤታችንን ነው። እኔ አባባ ነው የምላቸው። አባቴን አጥበው የቀበሩት እሳቸው ናቸው። የፊት ጥርሶቻቸው ስለረገፉ ሲስቁ አፋቸውን በኩታቸው ጫፍ ይሸፍናሉ፤ ሳቅ ደግሞ ይወዳሉ። ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ሰው ሲጣላ እሳቸው «ነገሩ እንዲህ ነበር» ካሉ አለቀ፤ ወላሂ ካሉበትማ ሌላ ምስክር የሚፈልግ የለም። ምላሳቸውን የሚቆጥቡ ሰው ናቸው።

ሊሄዱ ሲሉ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደጃችን ቆሙና «ልጄ፣ ሥራውን ሲጠይቁኝ ምን ልበል?» አሉኝ።

አየኋቸው። እኚህ ሰው ተነሥተው «አህያ ይሥላል፤ አህያውም ጌም ይጫወታል» ሲሉ ታየኝና ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። «ኮምቦልቻ ኮሌጅ አስተምራለሁ» አልኩ። አንድ ክረምት እዚያ ኮምፒውተር አስተምሬ ነበር፤ ውሸቴ ሥር ስለነበረው አፌን ሳያደናቅፈው ወጣ።

«ማሻአላህ! አባትህ ይኸን ሳይነግረኝ?» አሉ። በደስታ ነበር ያሉት።

ማታውኑ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። የልጅቱ አባት እንደ ወጉ «እንመክርበት» ብሎ ቀጠሮ ሰጥቷቸዋል። ቤታችን ቁጭ ብለው ጉዞውን ሲተርኩ፣ የልጅቱ አባት መምህርነቴን እንደተጠራጠረ ነገሩኝ። «አንዴ፣ ሁለቴ ጠየቀኝ። ኋላ ወላሂ ብዬ ማልኩለት፤ ዝም አለ» አሉና አፋቸውን በኩታቸው ሸፍነው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ውስጤ ግን የሆነ ነገር ቆንጥጦኝ ነበር።

የሚቆነጥጠኝን ነገር ሁሉ አህያው ላይ መጫን ልማዴ ነው። የዚያን ሳምንት ሐሙስ ያወጣሁት እንዲህ የሚል ነበር፦ ተልዕኮ፣ የጅብን ልጅ አግባ። አህያው ኤሊውን ሽማግሌ ይልካል። ኤሊው ኩታ ለብሶ፣ ከዘራ ይዞ ጅቡ ፊት ይቆማል። «ልጁ ምንድን ነው?» ይላል ጅቡ። «ፈረስ ነው» ይላል ኤሊው። «ፈረስ ከሆነ ጆሮው ለምን ረዘመ?» «ብዙ ትምህርት ሰምቶበት ነው። ወላሂ ፈረስ ነው!» ከሥር ደግሞ «ንግግሩን ዝለል» የሚል ቁልፍ አለ። እንደዚያ የተሣቀበት ሥዕል ሠርቼ አላውቅም። ሰው እየተቀባበለ አዳረሰው። እኔም ስልኬን እያየሁ ስኩራራ ዋልኩ፤ ኤሊው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም ብዬ።

የልጅቱ አባት ግን ሰው ልኮ ኮሌጁን አስጠየቀ። እንዲህ ያለ መምህር የለንም አሉት። ስልክ የደወለው ለእኔ አልነበረም፤ ለአባባ ነው።

በማግስቱ ጠዋት መጡ። ቢጮሁብኝ በተሻለኝ። ደጃፍ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ኮሌጅ ታስተምራለህ?» አሉ ብቻ።

«አላስተምርም አባባ።»

«ጭቃ አቡኪ ነኝ ብትል፣ ሊስትሮ ነኝ ብትል ልልህ አልችልም ነበር?» መልስ አልጠበቁም። «ነገ ቢስቲማ እንሄዳለን። ቃሌን ከሰው ቤት ጥዬ መጥቻለሁ፤ ማንሣት አለብኝ።»

ያን ቀን ልጅቱ ደወለች። ስለ አባቷ ትናገረኛለች ብዬ ስጠብቅ «ያገኘኸኝ በዚያ አህያ ነው» አለች፤ «ባንተ አህያ ካፈርክ በኔም አፍረሃል ማለት ነው።» ዘጋችው። መልሼ ልደውል አልደፈርኩም።

በማግስቱ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።  ሐይቅ ስንደርስ በመስኮት ሙዝ ገዛሁና አንዱን ልጬ ሰጠኋቸው፤ ሌላውን እኔ ገመጥኩ።

«ጾመኛ ነኝ» አሉ።

የሱና ጾም የሚጾምበት ሰኞም ሐሙስም አልነበረም። ረመዷን ገና ሩቅ ነው። ዞሬ ሳያቸው ወደ ውጭ እያዩ ነበር። «ወላሂ ያልኩት ሳላውቅ ነው። ሳያውቅ የማለውን አላህ ይምረዋል፣ ይላሉ ዑለማዎቹ። ቢሆንም ምላሴ ብላዋለች። ሦስት ቀን እጾማለሁ፤ ለኔ ነው የምጾመው፣ ላንተ አይደለም።»

«አባባ፣ ስኳርዎስ?»

«ስትዋሽ ስኳሬን ብታስበው ኖሮ።»

 እስከ ቢስቲማ ድረስ የገመጥኩትን ሙዝ በእጄ እንደያዝኩት ነው የሄድኩት፤ መጣልም መብላትም አፍሬ።

የልጅቱ አባት ገበሬ ነው፤ ቤቱ ከከተማው ጫፍ ነው። ባል ሊሆን የሚፈልግ ሰው ከሽማግሌው ጋር አብሮ አይመጣም፤ ስለዚህ ደጁ ላይ ገና ሲያየኝ ነገሩ ተበላሽቷል ማለት ነው። ቢሆንም አስገባን። ሳንነጋገር በፊት ምግብ ቀረበ። አባባ እጃቸውን አልዘረጉም።

እንጀራው መሃል ሳይነካ ተቀመጠ። የልጅቱ አባት ፊቱ ጠቆረ። ለሽምግልና መጥቶ ማዕድ ያልነካ ሽማግሌ ቂም ይዟል ማለት ነው፤ እሱ ተበድሎ ሳለ የተቀየሙት እሳቸው መሰለው። «ምን አጠፋሁ? ያጣራሁት ልጄ ስለሆነች ነው፤ እርስዎን ለማዋረድ አልነበረም» አለ። 

አባባ አንገታቸውን ደፉ። ጾመኛ ነኝ ቢሉ ለምን ሊባሉ ነው፤ ለምን ቢባሉ ስሜን ሊያነሡ ነው። ይኸን ያህል ከዋሸሁባቸው በኋላም ሊሸፍኑኝ ነበር። ያኔ ነው መቀመጫዬ ላይ መቆየት ያቃተኝ።

ተነሥቼ ቆምኩ። «ጾመኛ ናቸው» አልኩ። «የሚጾሙት በኔ ምክንያት ነው። መምህር ነኝ ብዬ ዋሸኋቸው፤ አምነውኝ ማሉ። እሳቸው ቃላቸውን አላጠፉም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አፉ በሉኝ።»

«ታዲያ ሥራህ ምንድን ነው?»

«እሥላለሁ።»

«ምን?»

«አህያ።»

ከጓዳ የታፈነ ሳቅ ተሰማኝ። እሱ ግን ፍንክች አላለም። «አሳየኝ» አለ።

ስልኬን ከፈትኩ። ወደ ድሮዎቹ ሥዕሎች ላወርደው ስሞክር «ስጠኝ» ብሎ ተቀበለኝ። ከላይ ያለው የሐሙሱ ነበር። ስልኩን ከዓይኑ አርቆ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «ተልዕኮ… የጅብን… ልጅ… አግባ።» ምድር ብትውጠኝ እወድ ነበር። «ብዙ… ትምህርት… ሰምቶበት… ነው። ወላሂ… ፈረስ ነው።» ጨርሶ ስልኩን ለአባባ አሳያቸው።

አባባ ብዙ ጊዜ አዩት። ኩታውን፣ ከዘራውን፣ ባዶውን ድድ።

«ጥርሴን ሳይቀር» አሉ።

«ኤሊ ጥርስ ስለሌለው ነው አባባ» አልኩ። ደደብነቴ!

«አህያ መሆንህን ለዓለም ሁሉ ነግረሃል» አሉ ቀስ ብለው። «የደበቅኸው ለኔ ብቻ ነው።»

የልጅቱ አባት «ጅቡስ ማነው?» አለ። ስልኬን ከአባባ እጅ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩ። «ገባኝ» አለና ወደ ደጅ ወጣ። ሲመለስ እንድንሄድ የሚነግረን መስሎኝ ጫማዬን ፈልጌ ነበር። «ጾመኛ ከቤቴ ሳያፈጥር አይወጣም» አለ። «ሌላውን ከመግሪብ በኋላ።»

እስከዚያ ድረስ ቁጭ አልን። የአባባ ከንፈር ደርቆ ሲሰነጠቅ እያየሁ ፀሐይዋን እለምን ነበር። አዛን ሲሰማ የልጅቱ አባት ውሃውን በገዛ እጁ ሰጣቸው። አፈጠሩ፣ ተሰገደ፤ ከዚያ አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሽምግልናውን ከመጀመሪያው ጀመሩት፣ ያ ሁሉ እንዳልተባለ።

«የወንድሜ ልጅ ነው። አባቱን አጥቤ የቀበርኩት እኔ ነኝ። ሥራው አህያ መሣል ነው። ሰው ያስቃል። ዋሽቶ ያውቃል። ልጅህን ስጠው ብዬ መጥቻለሁ።»

የልጅቱ አባት ጠበቀ። ባለፈው ወላሂ ያሉት እዚህ ላይ ነበር። «እርግጠኛ ነዎት?» አለ በመጨረሻ።

አባባ አላዩኝም። «ከአሁን ወዲያ ለራሱ እሱ ይማል» አሉና ተቀመጡ።

ቆምኩና «ወላሂ አህያ ነው የምሥለው» አልኩ። ጓዳው በሳቅ ፈረሰ፤ የልጅቱ አባትም ከንፈሩን ነክሶ ነክሶ አቃተውና ሳቀ። «በሉ ፋቲሃ እንቅራ» አለ። ነገሩን የሚያስረው ጸሎት ነውና ሁሉም እጃቸውን ዘረጉ። አባባም ዘረጉ፤ ግን አልሳቁም፣ ኩታቸውም ወደ አፋቸው አልሄደም።

ተጋብተናል። አህያው አሁንም በየሐሙሱ ይወጣል፤ ባለቤቴ ጥርስና ሰኮና እየቆጠረች ታርመኛለች። ኤሊውን ብቻ ከዚያ ወዲህ አልሣልኩትም። ተከታዮች «የት ሄደ?» ይሉኛል። በቀደም ከጁምዓ ስንወጣ አባባ ጠሩኝ። የልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ አህያውን እያስከፈቱ እንደሚያዩት አላውቅም ነበር።

«ኤሊው ሞተ እንዴ?» አሉኝ።

«አልሞተም አባባ።»

«ታዲያ ምነው ጠፋ?»

«አፍሮ ነው» አልኳቸው።

«እሱ ምን አጠፋና?» አሉ።