ነጩ ማዘያ

ዛሬ ሱቅ ውስጥ «ነጩን ተዪው!» ብዬ ጮኼ ልጄን አስደነገጥኋት። ለበኩር ልጇ የጨርቅ ማዘያ እየመረጠች ነበር።

በደርግ ዘመን፣ በጦርነቱ ወቅት፣ እርሷን ገነተ ማርያም ክርስትና አስነሥተን ስንመለስ የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። ያዘልኋት በአዲስ ነጭ ነጠላ ነበር።

አማቴ «አንቺ ልጅ፣ ነጭ ከሰማይ ይታያል! ልታስፈጂን ነው?» ብለው ነጠላውን ከነሕፃኗ በጭቃ ለቀለቁት። ከቁጥቋጦ ሥር ተደፋን።

ድምፁ ሲርቅ «በአንድ ቀን ሁለቴ ተጠመቀች» አሉ።

ልጄ ይህን ሰምታ «እማዬ፣ ያ ጊዜ እኮ አለፈ» አለችና ነጩን ገዛች። እኔ ከሱቁ ስወጣ አስቀድሜ ያየሁት ሰማዩን ነው።

ወዳጆቼ፣ እናንተስ የመጀመሪያ ልጃችሁን በምን አዘላችሁ? ምንስ ፈርታችሁ ነበር?