የመንግሥት አጥንት

በአናቶሚ ክፍል ረዳት መምህር ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሰይፉ አንድ የእንጨት ሣጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ቁልፉን ሰጡኝ። ውስጡ የአንድ ሙሉ ሰው አፅም ነበር። ከውጭ አገር ተገዝቶ የመጣ ነው፤ በእያንዳንዱ አጥንት ላይ በጥቁር ቀለም የንብረት ቁጥር ተጽፎበታል። እንኳን ደህና መጣህ እንኳ አላሉኝም። "አንድ ቢጎድል ከራስህ ታሟላለህ" አሉኝ።

ዶክተር ሰይፉ ሲቀልዱ አይተናል የሚል ሰው በክፍሉ አልነበረም። ስለዚህ ጣቶቼን አየት አድርጌ ነው የተረከብኩት።

የሰውን አካል ማጥናት የሚጀመረው ከአጥንት ነው። ተማሪው ዓይኑን እንደጨፈነ አንድ አጥንት ይሰጠዋል፤ በመዳሰስ ብቻ ስሙን፣ የግራ ወይም የቀኝ መሆኑን ይናገራል። ዘመኑ የደርግ ነውና የተጠራጠረ ሁሉ "ግራ" ይል ነበር፤ ቀኝ ብሎ ከመሳሳት ግራ ብሎ መሳሳት ይሻላል በሚል ስሌት። እኔም ብሆን ተማሪዎቼን የምበልጣቸው ባለፈው ማታ ባነበብኩት ብቻ ነበር። ዶክተር ሰይፉ ደግሞ "አጥንት በመጽሐፍ አይጠናም" ባይ ናቸው። አስፈቅጄ አፅሙን በጆንያ ወደ ቤት ወሰድኩት።

የቀጨኔን ዳገት ስወጣ አንድ የአብዮት ጥበቃ አስቆመኝ።

"ምንድን ነው የተሸከምከው?"

"አጥንት።"

"የምን?"

"የሰው።"

ከት ብሎ ሳቀ። "ሂድ ወዲያ፣ ቀልደኛ! ውሾችህ እንዳይራቡ!" በዚያ ዘመን እውነት ተናግሮ የተለቀቀ ሰው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

የተከራየሁት እትዬ በላይነሽ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ነው። ልጃቸው ዳዊት በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። አስከሬኑ አልተሰጣቸውም፤ እንዲህ ላለው ሟች ማልቀስም ክልክል ነበር። ስለዚህ ጥቁር ለምን እንደለበሱ ለጠየቃቸው ሁሉ "ገጠር ያለች አክስቴ ሞታ ነው" ይላሉ። ያቺ ምስኪን አክስት ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ስትሞት ኖረች። ሰፈሩም ሁሉንም እያወቀ በየጊዜው "ነፍስ ይማር" ይላታል።

ጆንያውን ከአልጋዬ ሥር አደረግኩት። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ግቢው ውስጥ የእድር ድንኳን ተተክሏል። ወንዶቹ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፣ ንፍሮ ይዞራል። ደንግጬ አንዱን ጎረቤታችንን "ማን ሞቶ ነው?" አልኩት።

"እኛ ምን እናውቃለን? ካንተ አልጋ ሥር ነው የተገኘው" አለኝና ንፍሮውን አቀበለኝ።

ንፍሮውን እንደያዝኩ ወደ ክፍሌ ሮጥኩ። ጆንያው ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። እትዬ በላይነሽ ከሴቶቹ መሀል ተነሥተው መጡ።

"ቀበርነው፣ ልጄ። አጥቤ ገንዤ። ያንን ቁጥር እንኳ በሎሚ አሽቼ አስለቀቅኩለት።"

"እትዬ፣ የመንግሥት ንብረት እኮ ነው!"

"የማንም ይሁን። እናት አለችው።"

"ከውጭ አገር የመጣ ነው!"

"እዚያስ እናት የለም?"

ወደ ድንኳኑ ዞርኩ። ከድንኳኑ ውስጥ የሚወጣው ለቅሶ ደግሞ ያስፈራል። ሰው ለማያውቀው እንግዳ እንዲህ አያለቅስም። ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ እያንዳንዷ ሴት የራሷን ሰው ስም እየጠራች ነበር። እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ወዲያው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ታደለ ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ ገባ። ለቅሶው ቀጥ አለ።

"ቀበሌው ሳያውቅ ማን ነው የሞተው?"

ተነሥቼ ሰው እንዳልሞተ፣ አፅሙ የማስተማሪያ መሣሪያ እንደሆነ አስረዳሁ። ጓድ ታደለ ብዙ አሰበ። ማሰብ ሲጀምር ሰፈሩ ሁሉ ይሰጋ ነበር።

"ሰው ከሆነ ያለ ፈቃድ ተለቅሶለታል" አለ በመጨረሻ። "ንብረት ከሆነ ደግሞ ያለ ፈቃድ ተቀብሯል። ይህ አሻጥር ነው። እስከ ነገ ማታ ከመቃብር ወጥቶ ካላየሁት አንተም እሳቸውም ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ትሄዳላችሁ።"

ወደ ከፍተኛው የሄደ ሰው እንዴት እንደሚመለስ እትዬ በላይነሽ ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ዳዊት የሄደው ወደዚያ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለዶክተር ሰይፉ ነገርኳቸው። "ሙሉው ነው የተቀበረው?" ብለው ጠየቁ። ሙሉው ነው አልኩ። "ቢያንስ አልተበተነም" አሉና የክፍሉን መኪና አስነሡ፤ አካፋ ጭነን ቀጨኔ ወጣን።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ የእትዬ በላይነሽን የነፍስ አባት መምሬ ኃይሉን አገኘናቸው።

"አፅማችንን ልንወስድ ነው የመጣነው" አሉ ዶክተር ሰይፉ።

"የማንን አፅም? ስም ይንገሩኝ።"

"ስም የለውም። ቁጥር ነው ያለው።"

"እንግዲያው እዚህ የለም" አሉ መምሬ ኃይሉ ረጋ ብለው። "ትናንት የፈታሁት ወልደ ሚካኤልን ነው። በላይነሽን የክርስትና ስሙን ብጠይቃት ያንን ሰጠችኝ። ስሙን አውቀዋለሁ፤ ያጠመቅኩት እኔ ነኝ።"

ዶክተር ሰይፉ ወደ እኔ ዞሩ። "ማን ነው?" አሉኝ። ያልተመለሰው የእትዬ በላይነሽ ልጅ ዳዊት መሆኑን ነገርኳቸው። "አካፋውን ወደ መኪናው መልሰው" አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ የጓድ ታደለ ቀነ ገደብ ትዝ አለኝና አስታወስኳቸው።

በቀጥታ ቀበሌ ሄድን። ዶክተር ሰይፉ ከተቀመጡበት ሳይነቃነቁ፣ ክፍል ውስጥ በሚያስተምሩበት ድምፅ ጀመሩ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ አፅሙ የተቀበረው ለምርምር ነው። የአገራችን አፈር በአጥንት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ እናጠናለን።"

ጓድ ታደለ ብዕሩን አነሣ። "ለቅሶውስ?"

"ያለ ሥርዓቱ ከተቀበረ ውጤቱ ይዛባል።"

"ምርምሩ መቼ ያልቃል?"

"ረጅም ነው። እኔም እርስዎም አንደርስበትም።"

ዶክተር ሰይፉ ሲዋሹ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ተሰጥኦውን እስከዚያ ድረስ የት ደብቀውት እንደነበር አላውቅም። ጓድ ታደለማ ፊቱ በራ። በሚቀጥለው ስብሰባ ቀበሌያችን ከሳይንስ ጋር በመተባበር ያስመዘገበውን ድል አበሰረ፤ አጨበጨብን። ምርምሩን ማንም እንዳይነካው ብሎ መቃብሩ አጠገብ ጥበቃ አቆመ። ውሾችህ እንዳይራቡ ያለኝ ያ ሰው ጠመንጃ ይዞ ወልደ ሚካኤልን ይጠብቅ ጀመር።

ተማሪዎቼ ያን መንፈቅ ከሥዕል ተማሩ፣ ውጤታቸውም እንደ ሥዕል ሆነ። ዶክተር ሰይፉን "ከራሴ ላሟላ ወይ?" ብላቸው "አሁን አያስቸኩልም፣ ስትሞት አምጣው" አሉኝ።

እትዬ በላይነሽን አንድ ማታ በድፍረት ጠየቅኳቸው። "የዳዊት መስሎዎት ነው?"

"አላበድኩም እኮ፣ ልጄ" አሉኝ። "ስገንዘው ጭኑን አይቻለሁ። ዳዊት ረጅም ነበር።"

እኔ ከጭን አጥንት የሰውን ቁመት መገመት የማስተምር ሰው ነኝ።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ እትዬ በላይነሽ ተዝካሩን አወጡ፤ ጓድ ታደለም የምርምሩን አንደኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ተገኝቶ በላ። በማግስቱ እትዬ በላይነሽ ነጭ ለብሰው ወጡ። ያቺ አክስታቸውም ከዚያ ወዲህ ሞታ አታውቅም።

ሙያውን ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው፦ አፅም ከክፍሉ አታውጡ። ካወጣችሁት ግን የምትወስዱበትን ቤት እወቁ፤ ቀብር ሲጠብቅ የኖረ ቤት ሊሆን ይችላል።